ወተት እርሳስ አያጥብም፦ ከብረት ጋር የሚውል ሠራተኛን ምን፣ መቼ እንመርምር?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት ጎራ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከሰዓት በኋላ ላይ በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወተት ሲጠጣ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ባለቤት "የወተት" ብሎ ለብቻው ብር ይሰጣል፤ ጭሱን ያጥባል ተብሎ ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ እኔም አልጠላውም። ግን ጭሱ የገባው በሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚሄደው ሆድ። የት ተገናኝተው ይተጣጠባሉ?

ይህን የምጽፈው ለጋራዥ፣ ለባትሪ ጥገናና ለብየዳ ቤት ባለቤቶች፣ እንዲሁም በፋብሪካ ክሊኒክ ለሚሠሩ ነርሶችና ለሴፍቲ ሠራተኞች ነው። ሠራተኛው ራሱ ቢያነበው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ምን መመርመር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው "ደምህ ደህና ነው" ተብሎ ብቻ አይሸኝም።

እያንዳንዱ ብረት ሰውነት ውስጥ የራሱ መንገድ አለው። አንዱ ኩላሊት ውስጥ ይተኛል። አንዱ በአጭር ጊዜ በሽንት ወጥቶ ያልቃል። አንዱ አጥንት ገብቶ ከሠራተኛው ጋር ጡረታ ይወጣል። መንገዱን ካላወቅን የማይሆነውን ናሙና በማይሆን ሰዓት ወስደን "ንጹህ ነው" ብለን እንፈርማለን።

ከመርፌው በፊት ደብተር

መጀመሪያ ደብተር ያዙና ግቢውን ዙሩ። ማን ምን ይነካል? ምን ያቀልጣል? ምን ይፍቃል? ይህን ሳያውቁ በጅምላ "የከባድ ብረት ምርመራ" ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

የመኪና ባትሪ ፈትቶ ሳህኑን የሚያቀልጥ ሰው ጣጣው እርሳስ ነው። ራዲያተር የሚበይደውም እንደዚያው። የድሮ የመኪና ቀለም በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቀውም አለበት፤ በተለይ ቢጫና ቀይ ቀለም ውስጥ እርሳስ ከክሮም ጋር ይገባ ነበር። ተራ ብረት የሚበይድ በዋናነት የብረትና የማንጋኒዝ ጭስ ይተነፍሳል። ስቴንለስ የሚበይደው ደግሞ አደገኛውን ክሮምና ኒኬል ይጨምርበታል። የፍሪጅ ቧንቧ በብር ዘንግ የሚያጣብቅ ሰው ዘንጉ ካድሚየም እንዳለበት እሽጉ ላይ ያንብብ፤ ካድሚየም የሌለበት ዘንግ አለና። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሰበረው የድሮ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ደግሞ ሜርኩሪ ነው። ኬሚካል የሚያቀርብላችሁን ነጋዴ የደህንነት መረጃ ወረቀቱን ጠይቁት። የለኝም ካለ ሌላ ነጋዴ ጠይቁ።

ዚንክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ወባን ታውቃታለች። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ሲበይድ የዋለ ሰው ሥራ ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ወባ ነው ብሎ ይተኛል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ከሄደ የወባ ምርመራው ይሠራለት፣ ያ ግድ ነው። ግን አብራችሁ "ትናንት ምን ስትበይድ ዋልክ?" በሉት። እሑድ አርፎ ሰኞ የሚብስበት ከሆነማ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ሰውነቱ በሳምንቱ ውስጥ ለምዶት የነበረውን በእረፍት ቀኑ ይረሳዋል። ዚንኩ ራሱ ተከማችቶ አይቀርም፣ የደም ምርመራም አያስፈልገውም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ የካድሚየም ጭስም ሲጀምር ልክ እንደዚህ ነው። ልዩነቱ፣ የዚንኩ እየቀለለ ሲሄድ የካድሚየሙ በቀጣዩ ቀንና ከዚያም በኋላ ትንፋሽ እያሳጠረ ይሄዳል፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ብየዳ ውሎ ያተኮሰው ሰው ትንፋሽ ካጠረው "ያልፋል" አይባልም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

እርሳስ፣ ዋናው ጣጣ

በጋራዥ ሰፈር ከሁሉም የሚበዛው እርሳስ ነው፣ ስለዚህ እሱን ጠጋ ብለን እንየው።

የሚገባው በሁለት በር ነው። ሲቀልጥ የሚወጣው ደቃቅ ጭስ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርድና አብዛኛው ደም ውስጥ ይገባል። ትልልቁን አቧራ ሳንባ ያባርረዋል፣ ግን የተባረረው ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል። በዚያ ላይ እጅ አለ። አዋቂ ሰው ጠግቦ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደም የሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ሊገባ ይችላል። የብረትና የካልሲየም እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይስባል፣ ሰውነቱ ካልሲየም እየመሰለው ይቀበለዋላ። (የወተት ወዳጆች የምትሸነፉት ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ካልሲየም የጠገበ ሰው በሆድ በኩል የሚገባበት ትንሽ ይቀንሳል። የሳንባውን ግን አይነካውም።)

ደም ከገባ በኋላ 99 በመቶው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ነው ምርመራው በሙሉ ደም እንጂ በሴረም (የደም ሕዋሱ ተለይቶ በሚቀረው ፈሳሽ) የማይሠራው። ላቦራቶሪው ደሙን አሽከርክሮ ሴረም ብቻ ከላከ ዋናውን ጥሎታል ማለት ነው። ደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከፊሉ በሽንት፣ ከፊሉ በሐሞት በኩል ይወጣል። በላብ ይወጣል የሚባለውን እርሱት፣ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የቀረው አጥንት ይገባል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ነው፣ እዚያም በአሥርት ዓመታት ይቆጠራል።

አጥንት ውስጥ ገብቶ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ግን ሰውነት ካልሲየም ሲቸግረው አጥንቱን ይከፍታል፦ በእርግዝና፣ በማጥባት፣ አጥንት ተሰብሮ ረጅም ጊዜ ሲተኛ፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ። ያን ጊዜ እርሳሱም አብሮ ይወጣል፣ ጽንሱም ጋ ያልፋል። ከዓመታት በፊት ባትሪ ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ዛሬ ስታረግዝ መጠየቅ ያለባት ለዚህ ነው።

ምልክቱ አታላይ ነው። ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ብስጩነት። ይህን ይዞ የሄደ ሰው እኛ አገር ምን ይባላል? ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ። መድኃኒቱን ጨርሶ ወደዚያው ሥራ ይመለሳል። ስለዚህ የክሊኒክ ነርስ ከሆናችሁ የሆድ ሕመም ይዞ የመጣውን አዛውንት ባትሪ ሠሪ "ጋሼ፣ ሆድዎ ይደርቃል? እጅዎ እንደ ድሮው ቁልፍ አጥብቆ ይይዛል?" በሉት። እጅ ከአንጓው ወደ ታች መንጠልጠል ከጀመረ ዘግይቷል፣ ግን ከዚያም በኋላ መድረስ ይሻላል። ደም ግፊትን፣ ኩላሊትንና የወንድ ዘርንም ይነካል፤ እነዚህ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው፣ ምልክት አይጠብቁ።

ሄሞግሎቢን፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው)፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት እዚሁ በቅርባችሁ የሚሠሩ ናቸው፣ አሠሩ። ግን አትዘናጉባቸው። ሄሞግሎቢን ሲወርድ እርሳሱ ደም የሚሠራበትን መስመር ካወከ ቆይቷል ማለት ነው። የደም እርሳስ መጠን ራሱን የሚተካ ርካሽ ምርመራ የለም።

ቁጥሩ መጣ፣ ከዚያስ?

መጀመሪያ መለኪያውን አንብቡ። አንዱ ላቦራቶሪ ማይክሮግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በሊትር። የኋለኛው አሥር እጥፍ ነው። "200" አይቶ የደነገጠ ሰው ቁጥሩ በሊትር ከሆነ ያለው 20 ነው። በማይክሮሞል ከመጣ አንዱ ማይክሮሞል በሊትር 20.7 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዴሲሊትር ነው።

የአሜሪካው የ1978 የሥራ ደህንነት ደንብ ሠራተኛውን ከሥራው የሚያነሳው 60 ሲደርስ ነበር፣ የሚመልሰው ደግሞ ከ40 በታች ሲወርድ። ብዙ የድሮ ማኑዋል ላይ ያለው ይህ ነው። በኔ አስተያየት ዛሬ በዚህ ቁጥር መሥራት ሰው መጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ይፈለግ፣ እርምጃ ይወሰድ ይላል። ዛሬ የሙያ ጤና ሐኪሞች የሚመክሩት በግምት እንዲህ ነው፦ ሥራ ሲጀምር መነሻ ምርመራ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ ከ10 በታች ከሆነ በየስድስት ወሩ። ከ10 እስከ 19 ከሆነ በየሦስት ወሩ። 20 ከደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይደገማል፣ ድጋሚውም 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከእርሳሱ ሥራ ይነሳል። አንዴም ቢሆን ከ30 ካለፈ ወዲያው ይነሳል። ነፍሰ ጡር ከ5 ካለፈች ትነሳ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቁጥርም አልጠብቅላትም፣ እንዳረገዘች ከዚያ ሥራ ትውጣ።

ይነሳል ስል ይባረራል አላልኩም። ደመወዙ ሳይነካ እርሳስ ወደሌለበት ሥራ ይዛወራል። ደመወዙን ከቆረጣችሁበት ቀጣዩ ሠራተኛ ለምርመራ አይመጣም፣ ወይ በዕረፍት ቀኑ ደብቆ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ ይሠራል። የአሜሪካው ደንብ እንኳ በሌላው ነገሩ ቢያረጅም የተነሳውን ሠራተኛ ገቢ እስከ 18 ወር ያስጠብቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 20 ዓመት እርሳስ ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ከሥራው ሲነሳ ቁጥሩ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይወርድና ከዚያ ይቆማል ወይም በጣም ይንቀረፈፋል። አጥንቱ እየሞላው ነው። "ተደብቀህ እየሠራህ ነው" ብላችሁ አትክሰሱት። አዲስ ገቢው ወጣት ግን በአንድ ወር ካልወረደለት ሌላ ምንጭ ፈልጉ፦ ቤቱን፣ ሁለተኛ ሥራውን፣ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ድስቱን።

እርሳስ አጣብቆ የሚያወጣ መድኃኒትም አለ። የሚሰጠው ሆስፒታል ውስጥ፣ ቁጥሩ በጣም ከፍ ሲል ወይም ሰውየው ሲታመም ነው። ሥራው ላይ እያለ "ለመከላከል" ብሎ መስጠት ክልክል ነው፤ ሌሎች ጠቃሚ ማዕድናትን አብሮ ይጠርጋል፣ ሰውየው አሁንም እርሳስ እየዋጠ ከሆነም የበለጠ እንዲስብ ሊያደርገው ይችላል። "ደም ያጠራል" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንማ ተዉት።

የቀሩት በፍጥነት

ካድሚየም ጉበት ገብቶ በአንድ ፕሮቲን ተይዞ ወደ ኩላሊት ይሻገራል፣ እዚያም ከ10 እስከ 30 ዓመት ይቆያል። የደሙ መጠን የቅርቡን ይነግራችኋል፣ የሽንቱ ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመውን። ስለዚህ ሁለቱንም ነው፣ ከነሱ ጋር ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የሚባለውን ትንሽ ፕሮቲን በሽንት፤ ኩላሊት መጎዳት ሲጀምር ቀድሞ የሚያፈሰው እሱን ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ ከትንባሆውም ካድሚየም ይወስዳል፣ መጠየቅ አትርሱ።

ሜርኩሪ የሚገርም ነው። ፈሳሹን የዋጠ ሰው ሆዱ ከሞላ ጎደል አይቀበለውም፣ በሰገራ ይወጣል። እንፋሎቱን የተነፈሰ ግን 80 በመቶው ገደማ ደሙ ውስጥ ይገባል፣ አንጎልም ይደርሳል። የተሰበረ ቴርሞሜትርን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በቫኪዩምም አትሳቡ፤ መስኮት ከፍታችሁ በወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉት። የሚመረመረው በሽንት ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠዋት።

ክሮም ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። ቆዳ የሚለፋበት ባለ ሦስቱ ክሮም በሆድም በቆዳም እምብዛም አይገባም፤ ችግሩ ቆዳን ማሳከክና አለርጂ ነው፣ ጓንት ይፈልጋል። ስቴንለስ ሲበየድና ዕቃ በክሮም ሲለበጥ የሚወጣው ባለ ስድስቱ ክሮም ግን ሕዋስ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና እዚያው ወደ ባለ ሦስቱ ሲቀየር ዘረ መሉን ያበላሻል። የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው። የአፍንጫ ግድግዳን ይበሳል፣ ስለዚህ አፍንጫቸውን በእጅ ባትሪ መብራት እዩ። ሽንቱ የሚወሰደው በሳምንቱ መጨረሻ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የወሰዳችሁት ናሙና የሚነግራችሁ ሠራተኛው እሑድ እንዳረፈ ነው።

ማንጋኒዝን በደምም በሽንትም በደንብ መያዝ አይቻልም። በምግብ የገባውን ጉበት በሐሞት ያስወጣዋል፣ በጭስ የገባው ግን ጉበትን ሳይነካ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚህ ላይ ምርመራው ዓይናችሁ ነው። በየዓመቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አጽፉት፣ ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ፊደሉ እያነሰ ከሄደ አስተውሉ። ወደ ኋላ አስኬዱት። ፊቱ ስሜት አልባ ሆነ ወይ? ሚስቱ "ጠባዩ ተለወጠ" ካለች አድምጧት።

ናሙናውን አታበላሹ

ሠራተኛውን ከነቱታው ክንዱን አጥቅልላችሁ ደም ከወሰዳችሁ የምትለኩት ቆዳው ላይ ያለውን አቧራ ነው። ቱታውን ያውልቅ፣ እጅና ክንዱን በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ አልኮል። ከጣት የተወሰደ ደም ከፍ ካለ ከደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጥ። ላቦራቶሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የትኛውን ቱቦ ይፈልጋሉ? ናሙናው የት ይላካል? በስንት ቀን ይመለሳል? በምን መለኪያ? ለብረት ምርመራ የተዘጋጀ ቱቦ ካላቸው ጥሩ ነው። ሽንት ደግሞ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ውስጥ ሳይሆን ታጥቦና ልብስ ቀይሮ፣ በንጹህ ፕላስቲክ ዕቃ። ክሬቲኒን አብሮ ይለካ፤ ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቀጥኖ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያልና።

እጅ፣ ጫት፣ ጾም

የሰውን ኑሮ ሳያዩ ምርመራ ብቻ መደጋገም ቁጥር መሰብሰብ ነው። እኛ በእጅ ነው የምንበላው። ወሎ ላይ ደግሞ ጫት አለ። ባትሪ ሲፈታ ያረፈደ እጅ ለሰዓታት ቅጠል እየቀነጠሰ ወደ አፍ ይመላለሳል፤ ከዚህ የተሻለ እርሳስ ማጉረሻ አላውቅም። መቃሙን ተዉ ብዬ አልጣላችሁም። ግን ሥራ ቦታ ላይ አይሁን፣ ከዚያ በፊት እጅ በሳሙና ይፈተግ፣ ጥፍር ሥርም ጭምር። ውዱእ የሚያደርግ ሰው በቀን ደጋግሞ እጁን፣ አፉንና አፍንጫውን ይታጠባል፣ ጥሩ ነው። ከሱ በፊት አንዴ ሳሙና ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ጾም ላይ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፣ ባዶ ሆድ እርሳስ ይስባል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ላይ ማቅለጡንና መፋቁን ለማይጾም ሰው ማዞር ወይም ከጾሙ ማግስት ማድረግ ይቻላል። ካልተቻለ ቢያንስ ማፈጠሪያው ላይ ከቴምሩ በፊት አፍና እጅ ይታጠብ። የኦርቶዶክስ ጾም ወተትና ሥጋ ስለሚያስቀር ካልሲየምና ብረት ከሌላ ምግብ ይፈለግ፤ ጤፍና ሰሊጥ ይረዳሉ።

የጨርቅ ማስክም የሐኪም ቤት ማስክም የብረት ጭስ አይዝም። ፊት ላይ የሚገጥም ፒ 100 ወይም ፒ 3 ማጣሪያ ያለው ነው የሚይዘው፣ ጢም ካለ አይገጥምም። ከሱ የሚቀድመው ግን ጭሱን ከምንጩ ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ ነው። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ አርጥቡት። ቱታው ሥራ ቦታ ይደር፣ እዚያው ይታጠብ። ቤት ከሄደ የምታጥበው ሚስት ናት፣ ሮጦ የሚያቅፈው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ እስከ ግማሹን ይስባል። አባትየው ከፍ ካለ ልጁም ይመርመር።

ማን ይከፍላል? ማን ያስቀምጣል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን እንደ አስፈላጊነቱ የማስመርመሩን ወጪ አሠሪው ላይ ይጥላል። "ራስህ ተመርመርና ወረቀቱን አምጣ" አይሠራም። ሦስት ሰው የያዘ ጋራዥ ብቻውን ናሙና መላክ ከከበደው ጎረቤት ጋራዦች ተሰባስበው በአንድ ቀን ያስወስዱ፣ ከላቦራቶሪውም ዋጋ ለመነጋገር ይመቻል።

ውጤቱ ለሠራተኛው በጽሑፍ ይሰጥ፤ ክሊኒኩም ቅጂ ይያዝ። አለቃው ማወቅ ያለበት "ከዚህ ሥራ ይነሳ" ወይም "ይቀጥል" የሚለውን ብቻ ነው። የአሜሪካው አጠቃላይ የጤና መዝገብ ደንብ መዝገቡ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ 30 ዓመት ይቀመጥ ይላል፤ ካድሚየምና እርሳስ የሚቆዩበትን ዘመን ስታስቡት አይበዛም። እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተወሰደው ናሙና፣ መለኪያው፣ በዚያ ሳምንት የሠራው ሥራና ሲጋራ ማጨስ አለማጨሱ ይጻፍ። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅም የመጨረሻ ምርመራ አድርጉለትና የሁሉንም ውጤት ቅጂ አስይዙት፤ ነገ አዲስ አበባም ይሂድ ሰመራ፣ የሚያክመው ሐኪም ከየት እንደመጣ ያውቃል።